በፕሪሙ ሆድ ውስጥ

ሽማግሌው ቪቶሚር እሑድ ምሳ ላይ ደም አስሏቸው ሲሞቱ፣ መንደራችን ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ገዳይ አገኘ። መንደራችን ለሥራ ቢዘገይም ለፍርድ ይፈጥናል። ሾርባውን የሠራችው ምራታቸው ሚልካ ናት፤ ስለዚህ መርዝ ነው። ባሏ ዶብሪቮዬ ደግሞ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቆ በር ላይ አኖረው።

ማክሰኞ ከከተማ ኢንስፔክተር ኔቬንካ መጣች። በረዶውን ከጫማዋ አራግፋ ገባችና መጀመሪያ ያነጋገረችው ዶብሪቮዬን ነበር።

«ሾርባውን ማን ማን በላ?»

«ሁላችንም።»

«ታዲያ አንተ ለምን አልሞትክም?»

ዶብሪቮዬ ወደ ወጥ ቤቱ ጠቆመ። «እሷ አባቴን አትወዳቸውም ነበር» አለ።

«እኔም አማቴን አልወዳቸውም። ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ነው።»

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ውጤቱን ቀድሞ ነግሯታል። ሆዳቸው ውስጥ መርዝ የለም። በቀኝ ሳንባቸው በኩል ያለው የአየር ቧንቧ ግን ውስጡ ተቃጥሎ፣ ዝገት መስሎ፣ አጠገቡ እስካለው የደም ሥር ድረስ ተበልቷል። በትንታ የገባ የብረት ክኒን እዚያ ተጣብቆ ሟሙቷል።

ኔቬንካ ወጥ ቤት ስትገባ ሚልካ ድንች ትልጥ ነበር።

«አባባ ክኒን ይውጡ ነበር?»

«እሳቸው? የራስ ምታት ክኒን እንኳ ‹ለውሻው ስጡት› ነበር የሚሉት። ደምዎ አንሷል ተብሎ የታዘዘላቸውን ብረት አንድ ቀን እንኳ በእጃቸው አልነኩም።»

«የክኒኑ እሽግ ግን ተጋምሷል።»

ሚልካ ቢላውን አቆመች። «አላውቅም።»

«ሻንጣሽ በር ላይ ነው። ነገ የምታድሪው እስር ቤት ሊሆን ይችላል። ብታውቂ ይሻልሻል።»

«አላውቅም አልኩ እኮ» ብላ ወደ ድንቹ ተመለሰች።

ሳሎን ውስጥ እማማ ራዶይካ፣ የሟች ሚስት፣ ትሪ ይዘው ጠበቋት። ቤቱ ሐዘን ቢሆንም እንግዳ ስላትኮ ሳይቀምስ አይቀመጥም፤ በትንሽ ማንኪያ በስኳር የተቀቀለ አንድ ድፍን ፕሪም፣ ከጎኑ ውሃ። ኔቬንካ ጎረሰች፣ አኘከች፣ ከዚያ ማኘኳን ቀስ አደረገች።

«እማማ፣ ውስጡ ምንድን ነው?»

«ዋልነት የሚሉት ለውዝ ነዋ። ፍሬው ይወጣና በቦታው ዋልነት ይገባል። ከተማ ገብታችሁ ስላትኮ ረሳችሁ እንዴ?»

«አባባ በባዶ ድዳቸው እንዴት ያኝኩት ነበር?»

«መች ያኝካል? ድፍኑን ነው የሚውጠው። ያ ስትሮክ ከመታው ወዲህ ውሃ እንኳ እያሳለው፣ ስላትኮ ግን እምቢ አይልም። የቀረበን ስላትኮ መመለስ ነውር ነው።»

ኔቬንካ ማንኪያዋን እንደ ደንቡ ውሃው ብርጭቆ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ሌሎቹን አስጠራች።

«ዶብሪቮዬ፣ አባትህ ክፉኛ ትን ያላቸው መቼ ነው?»

«በቤታችን ጠባቂ ቅዱስ በቅዱስ ኒኮላ በዓል ዕለት ስላትኮ ትን አላቸው። ፊታቸው እስኪጠቁር ሳሉና የዋልነት ቅርፊት ነው ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ሳሉ አልተዋቸውም። ሲጋራቸው ነው አልን።»

«ቅርፊት አልነበረም። ስትሮኩ ጉሮሯቸውን አደንዝዞታል። ፕሪሙ ወደ ሆድ ወረደ፤ በፕሪሙ ሆድ ውስጥ የነበረው ክኒን ግን ወደ ሳንባ ገባ። ብረት ሆድ ሲገባ መድኃኒት ነው፤ አየር ቧንቧ ላይ ሲጣበቅ ያቃጥላል። እሑድ የደም ሥሩ ጋ ደረሰ።»

ዶብሪቮዬ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ትሪውን የምታመጣው እሷ ናት።»

«ታመጣለች። ፕሪሙን የሚሞላውስ ማነው? አማት እያለች ምራት የስላትኮ ማሰሮ የምትከፍትበት ቤት እዚህ መንደር አለ?»

እንዲህ ያለ ቤት የለም።

«እየገረጣ ሄደ» አሉ እማማ ራዶይካ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ክኒኑን አይውጥልኝም። በየቀኑ አንድ ፕሪም ውስጥ አደርግለት ነበር። የበዓሉ ዕለት ሲያስለው ክኒኑን ተፋው ብዬ... ሌላ ሰጠሁት።»

ኔቬንካ ሚልካን አየቻት። «አንቺ ታውቂ ነበር።»

«ማንኪያው ላይ የዝገት ቀለም አይቻለሁ።»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?»

«እኔ የምሄድበት አለኝ» አለች ሚልካ። «እሳቸው የት ይሄዳሉ?»

ኢንስፔክተሯ መጥታ የፈታችው ነገር ሳይፈታ ይሻል እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። የተነገረ ቃል ግን አይመለስም።

ዶብሪቮዬ ወጥቶ ሻንጣውን ወደ ውስጥ አስገባ። ሚልካ ካፖርቷን ለብሳ ሻንጣውን ከእጁ ተቀበለችው፤ አልተሳደበችም፣ አላለቀሰችም። በሩ ጋ ስትደርስ እማማ ራዶይካ ትሪውን ይዘው ቀደሟት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ፕሪም አድርገውበታል።

«ሳይቀምሱ አይኬድም» አሉ።

ማንም እጁን አልዘረጋም። ቀደም ብላ የበላችው ኔቬንካ እንኳ።