ያልደረቀው ካልሲ

የባለሱቁ የንግድ ሸሪክ እንዲህ አለ፦ «ሌሊት ሁለቱ ወንድማማቾች ተጨቃጨቁ። ባለሱቁ ተናዶ ወጣ፣ ታናሽየው ተከተለው። የተመለሰው ታናሽየው ብቻ ነው። እኔ ከአልጋዬ አልወረድኩም።»

ታናሽየው ደግሞ እንዲህ አለ፦ «እኔ ከቤት ንቅንቅ አላልኩም። ውሃ ጠምቶኝ ስነቃ የወንድሜም የሸሪኩም አልጋ ባዶ ነበር።»

ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል። ባለሱቁ እንዳይፈርድ ከማረፊያ ቤቱ ጀርባ ካለው ገደል ሥር፣ ጫማውን እንዳደረገ፣ ሸሚዙ ከደረቱ ላይ ተቦጭቆ፣ ሞቶ ወድቋል። አፋፉ ላይ ያለው ሣር የሁለት ሰው ግብግብ ደፍጥጦታል።

የሚሸሹበትም የለም። ማታ በእግራቸው የተሻገሩት ወንዝ፣ በላይኛው አገር በጣለ ዝናብ ሌሊቱን ሞልቶ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ከፊት ወንዝ፣ ከኋላ ገደል። የቀሩት አምስት ሰዎች አንዲት የእንጨት ቤት ውስጥ፣ ከገዳዩ ጋር አንድ አየር ይተነፍሳሉ።

ከአምስቱ አንዷ መርማሪ ነበረች። ፈቃድ ወጥታ፣ ለበጋ የእግር ጉዞ ካልሲ ልትገዛ ባለሱቁ ዘንድ ገብታ፣ ባለሱቁ ከቤተሰቡና ከሸሪኩ ጋር የሚወጣውን ጉዞም አብራ ገዝታ የወጣች ሴት ናት። መንገዱን ሙሉ ስትጠይቅ ስለዋለች «ወይዘሮ ለምን» ብለው ሰይመዋታል። ማለዳ የባለሱቁ ሚስት ጩኸት ሲቀሰቅሳት መጀመሪያ ያለችው «ማንም ምንም እንዳይነካ» ነው።

ሸሪኩ ግን በጣቱ ባይነካም በጣቱ ጠቆመ። ከምድጃው በላይ በተወጠረው ገመድ ላይ አራት ጥንድ ካልሲ ተሰቅሏል፤ የሚስትየው፣ የሸሪኩ፣ የታናሽየውና የመርማሪዋ። የባለሱቁ እግሩ ላይ ነው። ሦስቱ ደርቀዋል። የታናሽየው ብቻ ውሃ አዝሎ ተንዘላዝሏል።

«ሁላችንም ወንዙን የተሻገርነው ጫማችንን አንገታችን ላይ አንጠልጥለን፣ በካልሲ ነው። ማታ አብሮ ተሰቀለ። የኛ ደረቀ፤ የሱ ለምን አልደረቀም? ወደ ገደሉ የሚወስደው መንገድ እርጥብ ሣር ነው። በካልሲው ወጥቶ ነው የተመለሰው!»

ሚስትየው ወደ ባሏ ወንድም ዞረች። ያሳደገችው ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ፊቷን መለሰችበት። የቤቱ ጠባቂ፣ እድሜ የጠገቡት ሽማግሌ፣ ታናሽየውን እንጨት ማከማቻው ውስጥ አስገብተው መቀርቀሪያውን ወረወሩበት። ወንዙ ሲጎድል ለፖሊስ ሊያስረክቡት ነው።

መርማሪዋ ገመዱ ሥር ብዙ ቆመች። ከዚያ እንጨት ማከማቻው በር ላይ ተጠግታ ተቀመጠች።

«ካልሲህን ከየት አመጣኸው?»

«ወይዘሮ ለምን፣ ወንድሜ ሞቶ፣ እኔ እዚህ ታስሬ ስለ ካልሲ ትጠይቂኛለሽ?»

«እዚያ ያስገባህ እኮ ካልሲህ ነው።»

ከበሩ ጀርባ ረዥም ትንፋሽ ተሰማ። «ከሱቁ ነዋ። ከአዲሱ ካርቶን አወጣሁ። ቶሎ ይደርቃል ይላል ወረቀቱ። ድንቄም! እግሬን ውሃ አስቋጠረኝ።»

«ለወንድምህ ነገርከው?»

«ማታ ራሱ አየው። ካልሲውን በጣቱ አሸት አሸት አደረገና ፊቱ ተለዋወጠ። ‹ከየትኛው ካርቶን ነው?› ብሎ ጮኸብኝ። ነገርኩት። ጭቅጭቅ የሚሉት እሱን ነው።»

ሚስትየው መስኮቱ ሥር ኩርምት ብላ ወንዙን ታያለች። መርማሪዋ አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች።

«ካልሲዎቹን ማን ሰቀላቸው?»

«እኔ። የሁሉንም።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«በጣቱ በኩል ነዋ። ባሌ በአፉ ከተሰቀለ ላስቲኩ ይላላል እያለ ቁም ስቅሌን ያሳየኝ ነበር።» ፈገግ ልትል ስትል እንባዋ ቀደማት። «አንዴ በአፉ ሰቅዬበት ቀኑን ሙሉ አኩርፏል። እስቲ አሁን ይህ ያስኮርፋል?»

ጠባቂው ምድጃው ላይ ሾርባ ጥደዋል። «የኔ ልጅ፣ እኔ ጆሮዬ ገና ነው» አሏት። «የጫማው መደርደሪያ ራስጌዬ ነው፤ ወለሉ ደግሞ ይንቋቋል። ሌሊት አንድ ጫማ ሲወጣ ሰምቻለሁ። ሲመለስ ግን አልሰማሁም።»

ሸሪኩ በመጨረሻ መጣ፤ ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ በተረከዙ እየረገጠ።

«እግርዎን ምን ሆኑ?»

«ውሃ ቋጠረብኝ። መንገድ አይደል!»

«ካልሲዎን ከማታ ወዲህ ነክተውታል?»

«ስንቴ ልንገርሽ? ከአልጋዬ የወረድኩት ጩኸቱን ስሰማ ነው። ከዚያ ወዲያ አትንኩ ያልሽው አንቺው ነሽ።»

መርማሪዋ አመስግናው የራሷን አንድ ካልሲና የታናሽየውን አንድ ካልሲ አወረደች። ባልዲ ውስጥ ነክራ፣ እኩል ጨምቃ፣ ጎን ለጎን ሰቀለቻቸው።

«ሰው ሞቶ ልብስ ታጥቢያለሽ?» አሉ ጠባቂው።

«ሾርባው እስኪበስል ነው፣ ጋሼ።»

ሾርባው ሲደርስ ሁሉንም ምድጃው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ታናሽየውም በእሷ ልመና ከእንጨት ማከማቻው ወጥቶ በውጭው በር አጠገብ ቆመ።

«እስቲ ይንኩ» ብላ ሁለቱን ካልሲዎች ለጠባቂው ዘረጋችላቸው።

«ያንቺ ደርቋል ማለት ይቻላል። የልጁ ግን ይጨመቃል።»

«ሁለቱም ላይ ‹ቶሎ ይደርቃል› የሚል ወረቀት ነበር። የኔው እውነት ነው። የሱ ግን ጥጥ ነው፤ ከማታው ወንዝ የያዘውን ውሃ ነው እስከ ጠዋት የታቀፈው። እርጥብ መሆኑ ልጁ መውጣቱን አያሳይም። የኛ መድረቁም አለመውጣታችንን አያሳይም። እንዲህ ያለ ካልሲ ሌሊት እርጥብ ሣር ረግጦ ቢመጣ እንኳ ምድጃ ላይ ሲነጋ ደርቆ ይገኛል። ይህን ከካልሲ ነጋዴ በላይ የሚያውቅ የለም።»

ሸሪኩ ሳቀ። «እንግዲያው ሁላችንም ገዳዮች ነና!»

«አይደለም። ገመዱን ይዩት። እሷ አራቱንም በጣታቸው ሰቅላ ነበር። ጠዋት ሦስቱ እንደዚያው ነበሩ። ያንተ ግን በአፉ ተሰቅሏል።» እስከዚያ ድረስ አንቱ ትለው ነበር። «አልነካሁም ብለሃል። እንግዲህ ሌሊት ማን አውርዶ ለበሰው? ማንስ በጨለማ መልሶ ሰቀለው?»

የሚስትየው አንገት ቀስ ብሎ ወደ ሸሪኩ ዞረ።

«ሌላ ሰው ለብሶት ይሆናል።»

«ውስጥ ውስጡን ልብስ ላይ የሚጣበቀው የጭጎጎት እሾህ ተሰግስጎበታል። ትናንት የመጣንበት መንገድ ድንጋይ ነው፤ ጭጎጎት ያለው አፋፉ ላይ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ለብሶት ከሆነ እሾሁ ያንተ እግር ውስጥ አይገኝም። እስቲ ነጠላ ጫማህን አውልቅና ውሃ የቋጠረውን አሳየን።»

ሸሪኩ እግሩን ወደ ወንበሩ ሥር ሳበ።

«ለምን?» አለች ሚስትየው። «ምን አደረገህ?»

መርማሪዋ መለሰችላት። «ባልሽ ማታ የልጁን ካልሲ ሲነካ ካርቶኑን ያስገባው ማን እንደሆነ አወቀ። ጥጥ ገዝቶ የሌላ ወረቀት የለጠፈው ሸሪኩ ነው። ባልሽ ደግሞ በካልሲው ስም የሚምል ሰው ነበር፤ ለገዢዎቹ ሁሉ እናገራለሁ ሳይለው አይቀርም። እናንተ እንዳትሰሙ ሸሪኩን ውጭ ጠራው።»

«ልለምነው ነው የሄድኩት!» ሸሪኩ ፈነዳ። «ስሜን እንዳያጠፋ ልለምነው! አልሰማ አለኝ። እጄ ነው የቀደመኝ እንጂ…»

«ሊለምን የሚሄድ ሰው ጫማውን አድርጎ ይሄዳል» አለች መርማሪዋ። «ባለሱቁ ጫማውን አድርጎ ነው የወጣው፤ ጋሼ ሰምተውታል። አንተ ግን ወለሉ እንዳይሰማብህ በካልሲ ወጣህ። በነጋታው ደግሞ የገዛ ማታለያህን ልጁ ላይ ምስክር አድርገህ አቆምክበት።»

ሸሪኩ ብድግ ብሎ ወደ በሩ ተንደረደረ፤ ታናሽየው ግን በሩ ላይ ነበር። ሸሪኩ እግሩ ሥር ተንበረከከ።

«ክፈትልኝ። ወንዙን ልሞክረው። ወይ እሻገራለሁ፣ ወይ ይብላኝ። ለእናንተም ግልግል ነው።»

«ይሂድ!» አሉ ጠባቂው። «ነፍስ ካጠፋ ሰው ጋር እዚህ አላድርም። ወንዙ ይፍረድ።»

ሚስትየው አይኗን ጨፍና ነበር። «እኔ አላውቅም» አለች። «እኔ ዛሬ ባንተም ላይ ተሳስቻለሁ፣ ወንድሜ። አንተው ወስን።»

ታናሽየው መቀርቀሪያውን ጨበጠ። ከውጭ አንድ ትልቅ ድንጋይ በውሃው ውስጥ ሲንከባለል ቤቱ ሁሉ ሰማው። ሸሪኩ ቀና ብሎ አየው፤ ሞቱን ሳይሆን ማምለጫውን የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር።

«አይወጣም» አለ ታናሽየው። «ወንዙ ምን አውቆ ይፈርዳል? ወንድሜን ለምን እንደገደለ ሰው ፊት ቆሞ በአፉ ይናገራል። ውሃው እስኪጎድል ድረስ ይህን በር የምጠብቀው እኔ ነኝ።»