የሉፖ መቃብር

በ፳፻፲፬ ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ሮማ ላይ ዝናብ ሳያባራ በሰነበተበት ሳምንት፣ ከፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ የሚገኘው የሲኞራ ክላውዲያ ቤት ሊዘጋ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር፤ ሲኞራዋ ወደ አረጋውያን ማረፊያ ሊወሰዱ፣ አስታማሚያቸው ወይዘሮ እቴነሽ ጌጡም እንጀራዋን ልታጣ ነው።

የሲኞራዋ አባት በንጉሡ ዘመን ከዓባያ ሐይቅ በታች ሰፊ የጥጥ እርሻ ነበራቸው፤ በ፲፱፻፷፯ አዋጅ እስኪወረስ ድረስም ከየደጋው የወረደ ድኻ ይለቅምላቸው ነበር። የእቴነሽ አባት በ፲፱፻፶፩ እዚያው በወባ ሲሞት እርሷ ገና በማኅፀን ነበረች፤ እናቷም መቃብሩን ሳታይ ዐረፈች። እናቷ የነገረቻት የእርሻ ስም በሲኞራዋ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ ተጽፎ ስታገኘው እቴነሽ ደነገጠች፤ ነገር ግን «ቢቆጡኝስ? ቢያባርሩኝስ? የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬስ?» እያለች ሦስት ዓመት ዝም አለች።

ያን ዕለት ካርታውን አውርዳ ሲኞራዋ በተኙበት አልጋ ላይ ዘረጋችው።

«ሲኞራ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ሠራተኞች ሲሞቱ የት ይቀበሩ ነበር?»

አሮጊቷ በልጅነት በለመዱት አማርኛ እየሳቁ መለሱላት። «አንቺ ሁልጊዜ ሞት! ትናንት ሳል ቢይዘኝ ቄስ ልትጠሪ ነበር።»

«አባቴ እዚያ ነው የቀሩት። ጌጡ ይባላሉ፤ የመስኖ ውኃ ጠባቂ ነበሩ፤ ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት ጎድሏቸው ነበር።»

የሲኞራዋ ሳቅ ጠፋ።

«ስሙን አላውቅም፤ እጁን ግን አውቃለሁ። ውሻዬን ሉፖን የቀበረልኝ እሱ ነው። በሳምንቱ እሱም ሞተ። ቆፋሪዎቹም ታመው አቅም ስላልነበራቸው፣ አፈሩ የላላ ነው ብለው ከሉፖ አጠገብ ቀበሩት።»

ጣታቸው ካርታው ላይ ካለች ትንሽ መስቀል ላይ አረፈ፤ ከሥሯ «ሉፖ» ተብሎ ተጽፏል።

«ለአባቴስ ድንጋይ ቆመላቸው?»

«ለሉፖ አቆምን። ለእሱ... አባቴ ጥጥ ይዘራበት አሉ።»

ሲኞራዋ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ስሙን እዚህ ጻፊው፤ ከዚያም ካርታውን ውሰጂው» አሏት። በእርሳስ «ጌጡ» ብላ ጻፈች፤ ካርታውን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ዝናቡ ያጠፋብኛል እያለች በካፖርቷ ሥር አቅፋ ወደምትኖርበት ሰፈር ወደ ቶር ፒኛታራ ሄደች።

የዚያን እርሻ ታሪክ የጻፉ ሁሉ የባለቤቶቹን ስም አላጎደሉም፤ ያረሱትንና የለቀሙትን ግን አላነሷቸውም። የጌጡም ማረፊያ ለስልሳ ሦስት ዓመት የተጠበቀው በውሻ ስም ነበር።