ፀሐይ ያቀለጠው ጠጠር

«ተደብቀሽ የተጠበሰ ሙዝ በልተሻል» አሉ የማላቪካ አጎት ራጋቫን፣ የእናቷን የዓይን ሽፋን ገለጥ አድርገው እያዩ።

ማላቪካ በሩ ላይ ቆማ ጥርሷን ነከሰች። እናቷ ከትናንት ጀምሮ የሩዝ አጥሚት እንኳ አልቀመሰችም፤ ቀኝ ጎኗን ይዛ ስታቃስት ነው ያነጋችው። የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ደግሞ ጥፋተኛዋ እሷ ሆነች!

አጎቷ በሕንዷ ፓላካድ ከተማ ስመ ጥር የአዩርቬዳ፣ ማለትም የባህላዊ ሕክምና፣ ሐኪም ናቸው። በሰው ተደግፈው የመጡ የጉልበት ሕመምተኞች በእሳቸው ዘይት ታሽተው በእግራቸው ሲሄዱ ማላቪካ አይታለች። የእናቷ የሐሞት ጠጠር ግን ጉልበት አይደለም።

ባለፈው ወር እናቷን ዘይትና ሎሚ በጥብጠው አጠጧት። በማግስቱ ከሰገራዋ ጋር አረንጓዴ ጠጠሮች ወጡ። አጎቷ አጥበው በብልቃጥ ከተቷቸውና በረንዳው ላይ፣ ታካሚዎች ተራ በሚጠብቁበት ቦታ አስቀመጧቸው። ለመጣው ሁሉ «ያለ ቢላ ያወጣሁት የእህቴ ጠጠር» ይላሉ።

ዛሬ ጠዋት ማላቪካ ንዴቷ ቢብስባት አንዱን አውጥታ ደረጃው ላይ ፀሐይ አስመታችው። ብዙም ሳይቆይ ቀልጦ ቅባት ሆነ። ድንጋይ መቼ ይቀልጣል? እናቷ የጠጣችው ዘይት ነው ረግቶ የወጣው። እውነተኛው ጠጠር እዚያው ሐሞቷ ውስጥ ተቀምጧል።

አሁን የወዛ ጣቷን ለአጎቷ ዘረጋች። «ይኸው ጠጠርዎ» አለች።

እሳቸው ጣቷን አይተው ፊታቸውን ወደ እናቷ መለሱ። ዘይትና ሎሚውን ማታ እጥፍ አድርገው እንደሚያጠጧት ተናገሩ። በዚያ ቤት የእናት ወንድም ቃል አይታጠፍም። ዱባይ የሚሠራው አባቷም ስትደውልለት «አጎትሽ ያውቃሉ» ብሎ ስልኩን ዘግቷል።

«እማ፣ ተነሺ። ሆስፒታል ልንሄድ ነው።»

«አጎትሽ ምን ይሉናል?»

«ያሻቸውን ይበሉ።»

ማላቪካ የጠራችው ባጃጅ ደጅ ላይ ሲቆም አጎቷ መንገድ ዘግተው ቆሙ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት እንጂ። ማላቪካን ይበልጥ ያበገናት ይሄው ነው። ጠጠሩ ዘይት መሆኑን ያውቃሉ ማለት ነው።

«የሐኪሙ እህት ሆስፒታል ገባች ከተባለ ነገ ማን ይመጣል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሺ ሂዱ። ግን በጓሮ በር ውጡ፤ ሰው አይያችሁ።»

በጓሮ ያለው መንገድ በኮኮናቱ እርሻ ዞሮ ነው የሚወጣው። እናቷ ያን ያህል መራመድ አትችልም። ማላቪካ የእናቷን ክንድ ትከሻዋ ላይ አደረገችና የፊቱን በር ከፈተች። በረንዳው በታካሚ ተሞልቷል።

«እባካችሁ አሳልፉን» አለች።