ሦስተኛውን ኮይል ማን ነካው?

ሚዜው የጋራዡ በር ላይ ቆሞ ላቡን ጠረገ። «እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም። ብቻ ሙሽራዋ እንዳትሰማ።»

መካኒኳ መፍቻዋን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። የሙሽራዋ ታላቅ እህት ናት። ሠርጉ ዛሬ ነው።

«የት ገባ?» አለችው በቀስታ።

«ማን?»

«ጓደኛህ ነዋ።»

ሙሽራው የትም እንዳልሄደ፣ ቤቱ ሆኖ ከከረባቱ ጋር እየታገለ እንደሆነ፣ የታመመው የሠርጉ መኪና እንደሆነ ለማስረዳት ሚዜው ብዙ ቃል ፈጀ። መፍቻውን እስክታስቀምጥ ድረስ ዓይኑን ከእጇ ላይ አላነሳም።

መኪናው ከጋራዡ ጀርባ፣ የሙሽራዋ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ነው። ትናንት አበባ እንዲታሰርበት ሚዜው ራሱ አምጥቶ፣ በሩን ሳይቆልፍ ትቶት ሄደ። ሲመጣ ሞተሩ መሥራቱም አይሰማም ነበር። አሁን ግን ሞተሩ ሲነሳ መኪናው ቆሞ ይንቀጠቀጣል። በተንቀጠቀጠ ቁጥር አበባው ይረግፋል። እኩለ ቀን ላይ ሙሽራዋ አዳራሽ መድረስ አለባት።

በግቢው ማዶ አባትየው ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ አሮጌ መኪናውን ያጥባል። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ቀና ብሎም አላያቸውም።

መካኒኳ ኮፈኑን ከፈተች።

«በየሲሊንደሩ ላይ አንድ ኮይል አለ» አለችው ሚዜውን። «የባትሪውን ትንሽ ኤሌክትሪክ አሳድጎ ለካንዴላው ይሰጠዋል፤ ካንዴላው እሳት ይጭራል። ከአራቱ አንዱ ሥራ አቁሟል። ተራ በተራ እንጠይቃቸው።»

ሞተሩ እየሠራ የመጀመሪያውን ኮይል ሶኬት ነቀለች። ሞተሩ ይበልጥ ተንገዳገደ። እሱ ሥራ ላይ ነበር ማለት ነው፤ ሶኬቱን መለሰችለት። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውን ስትነቅል ግን ምንም አልተለወጠም።

«በቃ፣ እሱ ነው» አለ ሚዜው።

«ቆይ እንጂ። ካንዴላውም ሊሆን ይችላል። በአንዱ ጥፋት ሌላው አይታሰርም።»

ሞተሩን አጥፍታ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ኮይል አቀያየረች። እንደገና ስታስነሳው የሦስተኛው ቤት ሠራ፣ የሁለተኛው ዝም አለ። ጥፋቱ ኮይሉን ተከትሎ ሄዷል። ካንዴላው ነፃ ወጣ።

ጥፋተኛውን አውጥታ አገላበጠችው። ጎኑ ላይ በሚስማር የተጫረ ሰረዝ አለ። የራሷ ጭረት ነው። የሞቱ ዕቃዎችን እንዲህ ምልክት እያደረገች ጋራዡ ጥግ ካለው ሳጥን ውስጥ ትጥላቸዋለች።

ደህናው ኮይል ተሰርቋል። በቦታው ሬሳ ተቀምጧል።

ነገሩን ስታስረዳው ሚዜው ፈገግ አለ። «ከአንቺ ሳጥን ከወጣማ ተጠርጣሪዋ አንቺ ነሽ።»

«አንተስ? ኮፈኑን ዘግቼዋለሁ፤ እስቲ ክፈተው።»

ሚዜው ጋቢና ገብቶ አንድ ነገር ሳበ። የነዳጁ ክዳን ተከፈተ። ሌላ ነካ፤ የኋላው ዕቃ መጫኛ ተከፈተ። በነፃ አሰናበተችው።

በዚህ መሃል ሰፈሩ «ከንቲባ» የሚለው ጎረቤት በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ለሠርጉ የራሱን መኪና ሊሰጥ ለምኖ እንቢ ተብሏል። «የእኔን ውሰዱ ብዬ ነበር እኮ» አለ፤ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበባል።

«ትናንት ማታ እዚህ መኪና አጠገብ አልነበርክም?» አለችው።

«ነበርኩ።»

«ምን ነካህ?»

«አበባውን አሽትቻለሁ። አልክድም።»

እጁን እንዲያሳያት ጠየቀችው። ጥፍሩ ሥር አቧራ እንኳ የለም፤ ግሪስ የሚባል ነገር በሕይወቱ ያላየ እጅ ነው። ኮፈኑን እንደገና ከፍታ ሞተሩን አየች።

ያኔ ነው ልብ ያለችው። ሞተሩ ከላይ እስከ ታች አቧራ ለብሷል። በሦስተኛው ኮይል ዙሪያ ግን ንጹሕ ነው። ቡሎኑ ሳይቀር ተወልውሏል። እሷ በጥድፊያው ጨርቅ አላነሳችም።

የትኛው ሌባ ነው ከመፍታቱ በፊት የሚጠርግ? አቧራ ወደ ካንዴላው ጉድጓድ እንዳይገባ የሚጨነቅ ሌባ? «ሳትጠርጊ አትፍቺ» እያለ ያሳደጋትን ሰው ታውቀዋለች። መጥረጊያ ጨርቁን ካላነሳች መፍቻ አያስነካትም ነበር።

ግቢውን አቋርጣ ሄደች።

«አባባ፣ ማታ የት ነበሩ?»

«ግቢዬ ነዋ።»

«የኮትዎ ኪስ ምን ገብቶበት ነው ያበጠው?»

አባትየው የሚያብረቀርቀውን መስታወት ጥቂት ወለወለ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተ። በንጹሕ ጨርቅ እንደ እንቁላል ተጠቅልሎ ኮይሉ ወጣ።

«ምንም አልሆነም» አለ። «አንድ ጭረት የለበትም።»

«ለምን፣ አባባ?»

ትንሿ ልጁ ሕፃን ሳለች ከሩቅ መንገድ ሲመለስ በር ላይ ትጠብቀው እንደነበር ነገራት። መኪናውን አቁሞ ከጎኑ ያስቀምጣታል፤ ከበሩ እስከ ግቢው መሃል አብረው ይገባሉ። ለሠርጉ ግን «አባባ እንዳይደክሙ» ተባለና ከኋላ በሚከተለው መኪና ቦታ ተያዘለት። ማንም አልጠየቀውም።

«ያኔ ከበር ወደ ውስጥ ነው የነዳሁላት» አለ። «አንድ ቀን እንኳ ከበር ወደ ውጭ ልንዳላት ብዬ ነው።»

«አፍ የለዎትም እንዴ? ቢናገሩ ምን ነበረበት?»

«አፍማ አለኝ። አልታዘዝ አለኝ እንጂ።»

መካኒኳ ሳቋ አመለጣት። ኮይሉን ተቀብላ፣ በቦታው አስገብታ፣ ቡሎኑን አጥብቃ ሞተሩን አስነሳች። መንቀጥቀጡ ቆመ። አበባው መርገፉን ተወ።

የላይኛው መስኮት ተከፈተ። ሙሽራዋ ግማሽ ጸጉሯ ተሠርቶ፣ ግማሹ ቆሞ ብቅ አለች።

«ሌባው ተያዘ?»

«ሁሉንም ሰማሽ?» አለች እህቷ።

«ሁሉንም። ፍርዱን እኔ ነኝ የምሰጠው። አባባ፣ እጅጌዎን ያውርዱ፤ ሊረፍድብን ነው።»

አባትየው እጅጌውን ያወረደው ፊቱን ወደ መኪናው አዙሮ ነው።

ሙሽራዋ ከአባቷ ጎን፣ አሮጌው መኪና ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ከግቢው ወጣች። አበባ የለበሰውን መኪና መካኒኳ እየነዳች ተከተለቻቸው፤ ከኋላ ወንበር ላይ ከንቲባው ብቻውን ተቀምጦ፣ እስከ አዳራሹ ድረስ ለመንገደኛው ሁሉ እጁን አውለበለበ።