እጀታው ላይ የነበረው ጋቢ

የሩዝ መጋዘኑ ሞተረኛ አድማሴን ከፓምፑ ጉድጓድ ሲያወጡት ሕይወቱ አልፎ ነበር። ከሞተሩ ወርዶ ፓምፑን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ልብሱን ስቦ አንቆታል። ኢንስፔክተር አምሳል ከወረታ ደርሳ አስከሬኑን አይታ ሳትጨርስ፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ የመጣችበትን መንገድ ዋጠው። ከሩዝ መጋዘኑ መውጫ የለም። ውሃው ደግሞ የገበሬው የዘር ሩዝ ወደተደረደረበት እየገፋ ነው።

በግቢው ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ዘመኑ፣ ዘበኛው አባ ይሄይስና የአድማሴ ረዳት ገላነሽ ብቻ ነበሩ።

«ውሃውን የሚያወጣውን ሞተር ማን ማስነሳት ይችላል?» አለች አምሳል።

«ከአድማሴ በቀር ማንም አይችልም» አለ ዘመኑ። ለሥልጠና ባሕር ዳር ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። የምስክር ወረቀቱ ግድግዳውን ሞልቶታል፤ ሞተሩን ግን በጣቱ ነክቶት አያውቅም። «አስተምር ስንለው እሺ አይልም ነበር። ራሱ አስነስቶት ይሆናል።»

«ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ?»

አምሳል ወደ ዘበኛው ዞረች።

«አባ፣ እርስዎስ ምን ሰሙ?»

«ሞተሩ ተነሳ፣ ወዲያው ጠፋ። አድማሴ ነው ብዬ ዝም አልሁ። ሌላ ማን ይችላል ብዬ!»

አምሳል ጆንያ ላይ በሥርዓት ታጥፎ የተቀመጠውን የሟቹን ጋቢ አነሳች። መሐሉ ላይ ብቻ የቆየ የዘይት እድፍ ተደራርቦበታል። ወስዳ የሞተሩ ማስነሻ እጀታ ላይ ጣል ስታደርገው እድፉ ልክ እጀታው ላይ አረፈ። ሦስቱንም ጠራቻቸው።

«አድማሴ ጉድጓድ በወረደ ቁጥር ጋቢውን እዚህ ይሰቅል ነበር። እታች ነኝ፣ አትንኩ ማለቱ ነው። ለማንም ግን አልተናገረም። ዛሬ አንድ ሰው ጋቢውን አንስቶ አጠፈው፤ ከዚያ ሞተሩን አስነሳ። ሊገድል የመጣ ሰው የሟቹን ጋቢ እንዲህ አሳምሮ አያጥፍም። ይህ ሰው አድማሴን ይወደዋል። ሞተሩንም አይቶ አይቶ ነው የተማረው።»

ስም አልጠራችም። ውሃው የመጋዘኑን ደፍ አለፈ።

«የገበሬው ዘር ሊበሰብስ ነው እኮ!» አሉ አባ ይሄይስ።

ገላነሽ እያለቀሰች ወደ ሞተሩ ሄደች። «እኔ ነኝ። ጋሼ አላሳዩኝም፤ ከኋላቸው ቆሜ ነው ሙያውን የሰረቅሁት። ዛሬ ሲመጡ አስነስቼ ላስደንቃቸው ነበር። ጋቢውን ረስተውት የሄዱ መሰለኝ! ጩኸታቸውን ስሰማ አጠፋሁት፤ ከዚያ ፈራሁ።»

ጉድጓዱን ጎንበስ ብላ አየች። እጀታውን ስትይዝ ዞር አለች።

«ቅረቡና እዩ። እኔን ይወስዱኛል፤ ነገ ማን ያስነሳዋል?»

ሞተሩ ተነሳ፤ ውሃውም መጉደል ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ግን የፓምፑን አፍ ገለባ ዘጋውና ገላነሽ አጠፋችው። አንድ ሰው መውረድ ነበረበት።

ዘመኑ ኮቱን አውልቆ እጀታው ላይ ሰቀለ። «ይኼን ከእኔ በቀር ማንም አያነሳውም፤ ሁላችሁም ስሙ» አለና ወረደ።

ገላነሽ እሱ እስኪወጣ ድረስ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች።