ፊኛውን ማን ነፋው?

«ተነፋ! አየሽ?» አለ መላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አጠገቡ የቆመችው ልጅ ግን ማየት አልፈለገችም። በወይን ጭማቂው ጠርሙስ አፍ ላይ የታሰረው ቀይ ፊኛ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጠዋት እንደ አሮጌ ካልሲ ተንጠልጥሎ ነበር። የወይን ጭማቂ እንዴት ወይን ጠጅ እንደሚሆን፣ ሳይንስ ያልተማረ ሰው በሚገባው ቋንቋ በትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ለወላጆች ማስረዳት የእነሱ ድርሻ ነው። ጭማቂው ውስጥ የጨመሩት እርሾ ግን አልሠራም። ምክንያቱን እሷ ታውቀዋለች። ቤት ውስጥ «ቅብጥብጥ» የሚሏት በከንቱ አይደለም፤ መምህሩ እርሾውን ለብ ባለ ውሃ በጥብጡት ቢሉ፣ ቶሎ እንዲነሳላት ብላ የፈላ ውሃ ገለበጠችበት።

የክፍል ጓደኛዋ ደግሞ ለምንም ነገር መላ አያጣም፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ማንም ሳያይ ጭማቂው ውስጥ ቤኪንግ ሶዳና ሎሚ ጨመረበት።

«ጋዙ እንደሆነ እርሾው ከሚያወጣው ጋር ያው ነው። ማን ያውቅብናል? አታካብጂ!»

ጋዙስ እውነትም ያው ነው። እሷን ያበሳጫት ይኸው ነው። ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ የተወለወለውን ጠረጴዛ እንደገና ወለወለች።

ወላጆች ገቡ። እናቷ ስፌቷን አቋርጣ ስለመጣች ትከሻዋ ላይ ክር ቀርቷል። መላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እርሾ በዓይን የማይታይ፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ስኳሩን ይበላና አልኮልና ጋዝ ያወጣል። አልኮሉ ጭማቂው ውስጥ ይቀራል፤ ጋዙ ፊኛውን ይነፋል።»

እናቷ ጎንበስ ብላ ፊኛውን በጣቷ ጫፍ ነካችው።

«ውይ! ይህን ሁሉ የነፉት እነዚያ የማይታዩት ናቸው?» ወደ ልጇ ዞረች። «ስለ ትምህርትሽ ስታወሪኝ እኮ ሳይገባኝ ነበር ጭንቅላቴን የምነቀንቅልሽ። ዛሬ ገና ገባኝ፣ የኔ ልጅ!»

መላ ልጅቷን በክርኑ ጎሸም አደረጋት፤ «አዎ በያት» ማለቱ ነው። ቢያንስ ዝም እንድትል ፈልጓል። እናቷ መልስ እየጠበቀች ፈገግ ብላለች።

ልጅቷ ፊኛው የታሰረበትን ክር ፈታች። ፊኛው ፍስስ ብሎ ሟሸሸ።

«እማ፣ እነሱ አይደሉም» አለች። «የእኛዎቹ ሞተዋል። የፈላ ውሃ ጨምሬ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ነይ ቅረቢ፣ ከመጀመሪያው ላስረዳሽ።»