ቴፑ ምንም የለበትም

«ውሰጂው» አለ ቴፕ ሠሪው፣ መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጎ። «ምንም የለበትም።»

«ባለፈውም እንዲህ ብለውኝ ነበር፣ ጋሼ።»

«ከባለፈው በፊትም ብዬሻለሁ! ቀበቶውን ቀየርኩ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ብረት በአልኮል አጠብኩ፣ ስፒከሩን ፈታሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርገው? ጠበል ልውሰደው? ስሚው እስቲ።»

ቁልፉን ተጫነው። የልጅቷ አባት የሚወደው የድሮ የብሉዝ ዘፈን ነው፤ አንድ ድምፀ ጎርናና ሰውዬ፣ ጊታር፣ ከኋላ ከበሮ። የከበሮው ሲምባል ጽስ ጽስ ይላል። በአፍ የሚነፋው ሃርሞኒካ ደግሞ ጥርስ እስኪያፋጭ ድረስ ጥርት ብሎ ወጣ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

ሰፈሩ ቴፕ ሠሪውን «ዶክተር» ነው የሚለው፤ የራዲዮ ሆድ ሲከፍት ነው የኖረው። መነጽሩን አወለቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባትሽ ወፍጮ ቤት ሥራ ከገባ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃያ ሁለት።»

«ከወፍጮው ጩኸት ጆሮውን ይሸፍናል?»

«ኧረ የት!»

«እንግዲህ የሚቀጥለው ዶክተር እኔ አይደለሁም። ንገሪው። እኔ ብነግረው፣ ‹መሥራት ሲያቅተው ነው› ይለኛል።»

ቴፑን እንደ ሕፃን አቅፋ ወጣች። ከባድ ነው፣ የጥንት ዕቃ። ስድስት ክፍለ ጊዜ ተምራለች፣ ሒሳብ ተፈትናለች፣ የታናሽ ወንድሟን ልብስ አጥባለች፤ አሁን ደግሞ ይሄ። ድክም ብሏታል። ግን ክንዷን ካደከመው ቴፕ ይልቅ የደበቀችው ነገር ይከብዳት ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። አባቷ «ነይ እስቲ ስሚልኝ» ብሎ ጠራት። «ሲምባሉ ጠፍቷል። ሃርሞኒካውም የለም። ለአንቺም እንደዚሁ ነው?» ኬሚስትሪ እየሠራች ነበር። «ይሰማል» ብትለው ዘፈኑን ወደኋላ ይመልሰዋል፣ እንደገና ያጫውተዋል፣ የዘፋኙን ታሪክ ከእናቱ ሆድ ጀምሮ ይተርክላታል። ስለዚህ ከደብተሯ ቀና ሳትል «አዎ፣ ታፍኗል» አለች። በቃ። ለመገላገል ያለቻት አንዲት ቃል ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴፑ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ።

ቅዳሜም ቀረ። ቅዳሜ ከሰዓት የአባቷ ጓደኞች፣ ጡረታ የወጣው ፖስተኛና ልብስ ሰፊዋ፣ ዘፈን ለመስማት ይመጡ ነበር፣ ሁሉም አንዳንድ ካሴት ይዘው። ፖስተኛው ከሮክ ንቅንቅ አይልም። ልብስ ሰፊዋ ፖፕ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። አባቷ የብሉዝ ሰው ነው። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ዘፈኑ ሳያልቅ ማንም ትንፍሽ አይልም። ሲያልቅ ግን ጉድ ይፈላል። «ይሄ ዘፈን ነው ወይስ የጥርስ ሕመም?» ትላለች ልብስ ሰፊዋ በአባቷ ምርጫ፣ አባቷም እስኪያለቅስ ይስቃል። አሁን «ቴፑ እስኪሠራ» ብሏቸው ሁለቱም ቀርተዋል። እሱም ከሥራ ይመጣል፣ ይበላል፣ ግድግዳ እያየ ይቀመጣል።

ቤት ስትገባ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ አገኘችው። ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ። ካሴቶቹን ማዳበሪያ ውስጥ እየከተተ ነው።

«ምን አለ ዶክተር?»

«አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ካሴቶቹ ናቸው የሞቱት። ሦስቴ ተሠርቶ ያው ከሆነ ቴፑ ምን ያድርግ? ነገ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው ሲያልፍ እሰጠዋለሁ።» አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

ዝም ብትል ሁሉም ነገር ያልቃል። ተሸክሞ መመላለስ የለም፣ «ነይ ስሚልኝ» የለም። እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ አፍታ ደስ አላት። ቴፑን አስቀምጣ ወደ አልጋዋ ሁለት እርምጃ ተራመደች። ዞር ስትል ግን አባቷ እያንዳንዱን ካሴት በእጅጌው እየጠረገ ነው ማዳበሪያው ውስጥ የሚያስገባው። ለሚጣል ነገር አቧራ ይጠርጋል!

«አባዬ፣ ቴፑ ምንም የለበትም።»

«እ?»

አጠገቡ ሄዳ ተንበረከከች። «ምንም የለበትም። ካሴቶቹም ደህና ናቸው። ሲምባሉ ይሰማል፣ ሃርሞኒካውም ይሰማል። ያን ቀን ዋሽቼህ ነው።»

«ታፍኗል አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ። ሥራ ነበረኝ፣ እንዳታቆየኝ ብዬ ነው።»

ጩኸት ጠበቀች። እሱ ግን ቴፑን ራሱ ሰካ፣ አንድ ካሴት መርጦ ከተተ፣ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጠፈ። ሃርሞኒካው የሚገባበትን ቦታ በቃሉ ያውቀዋል፤ ጣቱን አንስቶ ጠበቀ።

«አሁን?»

«አሁን ገባ።»

«አሁንስ?»

«ወደ ላይ እየወጣ ነው። ቀጥኗል… በጣም ቀጥኗል።»

ጣቱ አየር ላይ ቀረ። «ምንም» አለ። ከዚያ «ሁለት ወር ሙሉ ያን ዶክተር ሙያ የለውም እያልኩ ሳማው» ብሎ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ዓይኑን በዱቄታም እጁ ጠረገ።

«ይድናል» ልትለው ነበር። ግን ይዳን አይዳን አታውቅም፣ ማስመሰሉም ሰልችቷታል። «ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን» አለችው።

«ትምህርትሽስ?»

«አንድ ቀን ቢያልፈኝ አልሞትም።»

«ልብስ ሰፊዋ ከሰማች መሳቂያ ታደርገኛለች።»

«ታድርግሃ! ስቃም ቢሆን ትመጣለች። ቅዳሜ ጥራቸው።»

«የማልሰማውን ምን ልጋብዛቸው?»

ይሄን አላሰበችበትም ነበር። ማዳበሪያውን ወደ ራሷ ሳበችና እጇን ከተተች። «ቤዙስ? ወፍራሙ ይሰማሃል?»

«እሱማ ደረቴንም ይመታኛል።»

ቁጭ አለች። ካሴት አስገባች፣ ትንሽ አስኬደች። «ይሄስ?»

«አይሰማም።»

አወጣችው። ሁለተኛውም አልሆነ፣ ሦስተኛውም። ዓይኗ ሊከደን ምንም አልቀረው። አራተኛው ላይ ቤዙ ከታች ጎረምረም እያለ ተነሣ፤ አባቷ ጉልበቱን በእጁ መምታት ጀመረ።

እስኪያልቅ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።

«ይሄን ለቅዳሜ» ብላ ለብቻው አስቀመጠችውና፣ እያዛጋች ቀጣዩን አነሣች።